አምስት ሚሊዮን ከመቁጠራችን በፊት

በቴክኖሎጂ ዜናችን ውስጥ «አምስት ሚሊዮን» የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሰምተነዋል። የመጀመሪያው በሚያዝያ 2013 ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የካርዳኖ ብሎክቼይንን ከሚያለማው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችና የ3,500 ትምህርት ቤቶች መረጃ በዲጂታል መታወቂያ ሊያዝ ነው ተባለ። ሁለተኛው በሐምሌ 2016 ነው። ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ተጀመረ፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ኮርስ፣ ሲጨርሱ ሰርተፍኬት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የሚነገረን ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ሰርተፍኬት ወሰደ የሚለው ነው። ሰልጣኞቹ ምን ጻፉ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም።

ከሁለቱም ዜናዎች በፊት ግን ብዙ ወሬ ያልወጣላት አንዲት ክፍል ነበረች። በ2011 ይኸው የካርዳኖ ኩባንያ ኢትዮጵያውያንና ዩጋንዳውያን ሴቶችን ብቻ ሰብስቦ አዲስ አበባ ላይ ሃስኬል የሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አስተማረ። ካርዳኖ ራሱ የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ክፍል የሚሞሉ ነበሩ። ለእኔ ከሦስቱ ዜናዎች ትልቁ ይህ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የሃስኬል ጀማሪ የመጀመሪያ ሳምንታቱን በምን እንደሚያሳልፍ መናገር ይኖርብኛል።

ሳምንታቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሰልቺ ናቸው። ዝርዝር ቁጠሩ። የዝርዝሩን የመጨረሻ አባል አውጡ። ገልብጡት። ሁለት ዝርዝሮችን አጣምሩ። የሚያናድደው ደግሞ ሁሉም ቋንቋው ውስጥ ተሠርተው የተቀመጡ መሆናቸው ነው፤ በስማቸው ጠርቶ መጠቀም ይቻላል። አስተማሪው ግን «የተሠራውን አትንኩ፣ ራሳችሁ ጻፉት» ይላል። ከፕሮሎግ ተነሥቶ ወደ ሊስፕ፣ ከዚያም ወደ ሃስኬል የተሻገረ «ዘጠና ዘጠኝ ጥያቄዎች» የሚባል የታወቀ የልምምድ ስብስብ አለ፤ ጥያቄ አንድ «የዝርዝርን የመጨረሻ አባል ፈልግ» ይላል። እንግዲህ ሰው ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ኢንተርኔት ከፍሎ የሚሠራው ይህ ነው።

እኔ የምለው፣ የሰርተፍኬት ቁጥር የሚያሳድደው ሥልጠናችን የጎደለው ይኸው አሰልቺ ሥራ ነው። ጉዳዩ የፕሮግራመሮች ብቻም አይደለም። ስማችን በዝርዝር ላይ ባለበት ሁሉ፣ በፈተና ውጤት፣ በኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ በእርዳታ እህል፣ ማን ከዝርዝሩ እንደሚወድቅ የሚወሰነው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ፈንክሽኖች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለይ፤ ዝርዝርና ታፕል። የቀበሌ መዝገብ አስቡ። መዝገቡ ዝርዝር ነው፤ መስመሩ አሥርም ይሁን አሥር ሺህ፣ ባዶም ይሁን ግድ የለውም፣ ነገር ግን የሚይዘው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ታፕል ደግሞ የመዝገቡ አንዱ መስመር ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር። ልዩ ልዩ ዓይነት ነገር ይይዛል፣ መጠኑ ግን የተወሰነ ነው። ባለ ሦስት ታፕሎች ዝርዝር ውስጥ ባለ ሁለቱን ልክተት ብትሉ ሃስኬል ፕሮግራሙን ጭራሽ አያስነሣውም። ኤክሴል ላይ ባዶ ሴል ትተው የሚያልፉ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይበሳጫሉ። ይበሳጩ።

ዝርዝር ለዚህ ቤተሰብ ቋንቋዎች የዘር ሐረግ ነው። ጆን ማካርቲ በ1958 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊስፕ ስሙ ራሱ «ዝርዝር አቀናባሪ» ከሚለው የመጣ ነው። ሃስኬል በኮሚቴ የተወለደ ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ፣ ኦሬገን ላይ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አንድ የጋራ ቋንቋ እንሥራ ተባባሉ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ በ1990 ወጣ፣ ስሙንም ከሎጂክ ሊቁ ከሃስኬል ኬሪ ወሰዱ። ዋናው ጠባዩ አንዴ የተሰጠ ዋጋ አለመለወጡ ነው፤ «ይህን ደምስሰህ ያንን ጻፍበት» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዝርዝር የሚቆጥር ሰው ቆጣሪ አስቀምጦ አንድ አንድ እየጨመረ መሄድ አይችልም። እንዲህ ይጽፋል፦

ቁጠር [] = 0
ቁጠር (ፊት : ኋላ) = 1 + ቁጠር ኋላ

ይህን ለማሳመር ወደ አማርኛ አልመለስኩትም፤ እንዳለ ይሠራል። የሃስኬል ኮምፓይለር ፊደላችንን ይቀበላል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ሁሉንም እንደ ትንሽ ፊደል ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ የፈንክሽን ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል። በትልቅ ፊደል መጀመር ያለበትን የዓይነት ስም ግን አይቻልም።

ሁለቱ መስመሮች የሚሉት ይህን ነው፦ ባዶ ዝርዝር ርዝመቱ 0 ነው፤ ባዶ ካልሆነ ከፊት ያለውን አንዱን ቁጠርና የቀረውን ደግሞ እንደዚሁ ቁጠር። አልማዝ፣ ቶላ፣ ዘሃራ ያሉበትን ዝርዝር በወረቀት ላይ ተከተሉት፦ 1 ሲደመር የቶላና የዘሃራ፣ ከዚያ 1 ሲደመር 1 ሲደመር የዘሃራ፣ ከዚያ ሦስት አንዶች ሲደመር የባዶው፣ 3። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ የሚሠራ የኮምፒውተር ትምህርት ነው። ይህን ለቀልድ አይደለም የምለው፤ ላፕቶፕ ለሁሉም ተማሪ በማይደርስበት አገር ወረቀት ላይ የሚሠራ ልምምድ ትልቅ ሀብት ነው።

ከሁለቱ መስመሮች ወሳኟ የመጀመሪያዋ ናት። ጀማሪ ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው። ስለ ባዶው ምን ይሁን? ሃስኬል ራሱ በዚህ ተቸግሯል፤ የዝርዝርን የመጀመሪያ አባል የሚያወጣው «ሄድ» የተባለው ፈንክሽን ባዶ ዝርዝር ሲያጋጥመው ፕሮግራሙን ይዞት ይወድቃል። ከ1990 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኮምፓይለሩ «ይህን ስትጠቀም ተጠንቀቅ» ማለት የጀመረው በ2023 በወጣው 9.8 እትሙ ነው።

አሁን ወደ ማጣመር እንሂድ። የተሠራው ፈንክሽን ስሙ «ዚፕ» ነው፤ እንደ ጃኬት ዚፕ የግራውን ጥርስ ከቀኙ ያገጣጥማል። በእጅ ስትጽፉት እንዲህ ይመጣል፦

አጣምር [] [] = []
አጣምር (ስም : ስሞች) (ውጤት : ውጤቶች) = (ስም, ውጤት) : አጣምር ስሞች ውጤቶች
አጣምር _ _ = []

አንድ ክፍል ውስጥ 40 ተማሪዎች አሉ እንበል። 7ኛዋ ታማ ፈተና አልተቀመጠችም። ውጤት የሚያስገባው ሰው ባዶ መስመር በመተው ፈንታ ዘለላት። የስሙ ዝርዝር 40፣ የውጤቱ 39 ሆነ። ስናጣምራቸው 7ኛዋ የ8ኛውን ውጤት ትወስዳለች፣ 8ኛው የ9ኛዋን፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። 40ኛው ተማሪ ከነጭራሹ ይጠፋል። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፕሮግራሙ በሰላም ሠርቶ 39 ጥንዶችን ያስረክባል። አይቶ የሚያጣራ ሰው ከሌለ ማንም አያውቅም፤ ፈተና ያልተቀመጠችው ልጅ ራሷ ውጤቷን አይታ ከደነገጠች በስተቀር።

ይህ ጥፋት ያለው ሦስተኛዋ መስመር ላይ ነው። «ከሌላው ሁሉ ባዶ» ትላለች። ቋንቋው ውስጥ የተቀመጠው ዚፕ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ዝም ብሎ ያቆማል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ አንድ ሰው እንዲህ ይሁን ብሎ የጻፈው ነው። በእጁ የጻፈው ተማሪ መስመሯ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፦ አንዱ ዝርዝር ቢያጥርስ? እዚህ ላይ ምርጫ አለው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ «ናቲንግ»፣ ማለትም «መልስ የለም»፣ የሚመልስ ሌላ ዚፕ መጻፍ ይችላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዚፕን በስሙ ጠርቶ ብቻ የተጠቀመ ሰው ግን ምርጫ መኖሩንም አያውቅም።

ፓይተን የተማራችሁ «ይህ የሃስኬል ችግር ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የፓይተን ዚፕም ዝም ብሎ ያቆማል፤ ርዝመታቸው ካልተካከለ ስሕተት እንዲያወጣ የሚያዝዘው አማራጭ የተጨመረለት በ3.10 እትም፣ በ2021 ነው።

ታፕል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስምና ውጤት ከመጀመሪያው አንድ ላይ ታስረው ቢመጡ ኖሮ 7ኛዋ ልጅ የሰው ውጤት አትወስድም ነበር። ዝርዝሩን በፊደል ደርድሩት፣ በውጤት ደርድሩት፣ ገልብጡት፤ ጥንዱ አብሮ ይሄዳል። ኤክሴል ላይ አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ የደረደረ ሰው ያስከተለውን ጉድ ያየ ሁሉ ይህን ይረዳኛል። (በቅንፍ ልበልና ሃስኬልም ከታፕል ጋር የራሱ እብደት አለው። ከ2015 ወዲህ «የ(3, 4) ርዝመት ስንት ነው?» ብትሉት 1 ይላችኋል። ድምሩስ? 4። ምክንያት አለው ይላሉ፣ ምክንያቱንም አንብቤዋለሁ፤ አሁንም አልዋጥልኝም።)

የታፕል ዝርዝር ላይ መሥራት ለእኛ ለዜና ሰዎችም ይጠቅማል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። ይህን በየትምህርት ቤቱ ብናስበው እያንዳንዱ መስመር ታፕል ነው፦ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ። አሁን ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ያሉበት ወረዳ አስቡ። በአንዱ 10 ተፈትነው 5 አለፉ፣ በሌላው 990 ተፈትነው 10 አለፉ። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች መቶኛ ወስዶ አማካይ የሚያወጣ ኃላፊ «በወረዳችን 25.5 በመቶ አለፈ» ይላል። ያለፈው ግን ከ1,000 ልጅ 15 ነው፤ 1.5 በመቶ። «ፎልድ» በሚባለው ፈንክሽን ዝርዝሩን ወደ አንድ መልስ መጠቅለል የተለማመደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምኑን ከምኑ ጋር ነው የምደምረው?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ቢነሣ አይከፋም።

በጣም የምወደው ልምምድ ግን የስም ነው፤ እሱ የራሳችን ነውና። በሃስኬል ቃል ማለት የፊደላት ዝርዝር ነው። «ሰላም» ባለ ሦስት አባል ዝርዝር ነው፣ ቁጠር ብትሉት 3 ይላል፣ ገልብጥ ብትሉት «ምላሰ» ይሆናል። (ተርሚናሉ ላይ ቃሉን እንዲያው ስትጽፉለት \4656\4619\4637 ብሎ በቁጥር ይመልስላችኋል። አትደንግጡ፤ የፊደላቱ የዩኒኮድ ቁጥር ነው።) በዝርዝር ላይ የሚሠራ ሁሉ በቃል ላይም ይሠራል ማለት ነው።

እንግዲህ ዓለምፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል። ፀ ወይም ጸ። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው። ስንት ናቸው? ሃስኬል ውስጥ አንድ መስመር ነው፦

[[አንድ, 'ለ', 'ም', ሁለት, ሦስት, 'ይ'] | አንድ <- "አኣዐዓ", ሁለት <- "ጸፀ", ሦስት <- "ሀሃሐሓኀኃ"]

መልሱ 48 ነው። አንዲት ሴት፣ 48 አጻጻፍ። ለኮምፒውተር እነዚህ 48 ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። በቀበሌ መዝገብ በአንዱ፣ በባንክ ደብተር በሌላው፣ በትምህርት ማስረጃ በሦስተኛው ከተጻፈች፣ ሁለቱን ዝርዝር የሚያመሳክር ፕሮግራም «የለችም» ይላል። የለችም ከተባለች ደግሞ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ ጋር ሳንደርስ ጉዳይዋ ቆመ ማለት ነው። በመስኮት በኩል «ስምሽ አይመሳሰልም፣ አስተካክለሽ ነይ» የተባለ ሰው በየቤታችን አለ።

መፍትሔው የታፕል ዝርዝር ነው። ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚመራ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፣ ሰንጠረዡን ደግሞ ቅድም የጻፍነው ፈንክሽን ይሠራልናል፦

አጣምር "ሠሡሢሣሤሥሦ" "ሰሱሲሳሴስሶ"

ይህ ሰባት ጥንድ ይሰጣል። ለሐ፣ ለኀ፣ ለዐ፣ ለፀ ዘሮች እንዲሁ ሠርቶ መቀጠል ነው፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስም አይረሳ። ከዚያ እያንዳንዱን የስሙን ፊደል ሰንጠረዡ ውስጥ መፈለግ፣ ካለ መተካት፣ ከሌለ እንዳለ መተው። ፈላጊው ፈንክሽን «ሉክአፕ» ይባላል፤ ሲያገኝ «ጀስት» ብሎ ያቀብላል፣ ሲያጣ «ናቲንግ» ይላል፣ እናንተም ለሁለቱም መልስ ሳታዘጋጁ የተገኘውን ፊደል አያስረክባችሁም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፣ ሁለቱም የሚታዩት በእጅ ሲጻፍ ነው። አንደኛ፣ የተስተካከለው ስም ለፍለጋ እንጂ ለመታወቂያ አይደለም። ሴትዮዋ ስሟን በዓና በፀ ከጻፈች ስሟ ያው ነው፣ ኮምፒውተር ስለተቸገረ አይለወጥባትም። ስለዚህ የሚቀመጠው ጥንድ ይሁን፦ እንደጻፈችው፣ ለፍለጋ እንደተስተካከለው። ሁለተኛ፣ ሉክአፕ የመጀመሪያውን ሲያገኝ ያቆማል። በስምና በአባት ስም በምንጠራበት አገር አንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት አበበ ከበደ ቢኖር ሁለተኛውና ሦስተኛው መቼም አይገኙም፤ የመጀመሪያው ሰው መልስ ለሁሉም ይሰጣል። ያገኘውን ሁሉ በዝርዝር የሚመልስ ፈላጊ መጻፍ ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«ይህን ሁሉ ዛሬ ኤአይ በሰከንድ ይጽፈዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይጽፈዋል። አጣምርልኝ ስትሉት ዚፕን ይጠራላችኋል፣ 39 ጥንድ ታገኛላችሁ። 40ኛው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሦስተኛዋን መስመር አንድ ቀን በእጁ የጻፈ ቢሆን ይመረጣል። ኮዱን ማሽን በጻፈው ቁጥር አንብቦ የሚጠረጥር ሰው ያስፈልገናል።

«የሃስኬል ሥራ የት አለ?» ለሚሉም እውነት አላቸው፤ በአገራችን ጥቂት ነው፣ በውጭም ከፓይተንና ከጃቫስክሪፕት ጋር አይወዳደርም። ሥራ ለሚፈልግ ልጅ ሃስኬልን ብቻ ተማር ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ2001 ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ኮርሱን ከሃስኬል ወደ ጃቫ ሊቀይር ሲል ኤድስኸር ዳይክስትራ፣ በሙያው አሉ ከሚባሉት ሊቃውንት አንዱ፣ ለዩኒቨርሲቲው የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ክርክሩ መሣሪያችን አስተሳሰባችንን ይቀርጸዋል የሚል ነበር። አልሰሙትም። ኦክስፎርድ ግን ዛሬም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ሃስኬል ያስጽፋል፣ ተማሪዎቹም ሥራ አጥተው አላየንም።

እኔ ነፃ ኮርስን አልቃወምም። በክፍለ ሀገር ያለ ልጅ በስልኩ ትምህርት ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። የምጠይቀው ሰርተፍኬቱ ከመሰጠቱ በፊት ተማሪው አሥር ጥቃቅን ፈንክሽኖችን ከባዶ ገጽ እንዲጽፍ፣ በወረቀትም ቢሆን፣ ስለ ባዶው ዝርዝርና ስላልተካከሉት ዝርዝሮች ምን እንደወሰነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚቀናው ቋንቋ እንዲያስረዳ ነው። የሚያስረዳለት አስተማሪ ያስፈልጋል፣ እሱ ነው ውድ የሆነው። ለዚህ ነው የ2011ዋ ክፍል ከሁለቱ አምስት ሚሊዮኖች የበለጠችብኝ፤ እዚያ አስተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር።

ልምምድ ለምትፈልጉ፦ ኃይለሥላሴ የሚለው ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? ኃ ላይ ስድስት ምርጫ አላችሁ፣ ሥ ላይ ሁለት፣ ሴ ላይም ሁለት። 24 ካገኛችሁ ደርሳችኋል። ኃይለ እና ሥላሴን ለያይቶ የሚጽፍ ሰው ሲጨመር 48 ይሆናል፤ እሱን በአንድ መስመር የጻፈ ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልን።